ጥንታዊ ነው ያልኳት ጽዋ

ከሰው ጋር ስተዋወቅ ከስሜ በፊት ሥራዬን የምናገርበት ጊዜ ነበር። አንኮበር ተወልጄ ያደግሁ፣ ታሪክ ተምሬ የተመለስኩ፣ አገሬን ለእንግዳ የማሳይ ሰው ነኝ። ስሜ ጌትነት ነው። እንግዳ ሲመጣ ከተማችን ጎረቤላ ላይ ተቀብዬ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተራራ አወጣዋለሁ፤ ትንፋሹ ሳይመለስለት በወሬ እይዘዋለሁ። በወሬዬ ውስጥ ደግሞ አንዲት የምወዳት ቃል ነበረች፤ "ጥንታዊ"። ግንቡ ጥንታዊ፣ መንገዱ ጥንታዊ፣ ጥዱም ጥንታዊ። አንድ ቀን የአንድ ጎረቤታችንን የድንጋይ አጥር ጥንታዊ ነው ብዬ ሳስጎበኝ ባለቤቱ ብቅ ብሎ "ኧረ አምና ነው የካብኩት!" አለና በእንግዶቼ ፊት አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው "ጥንታዊው" ይለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ስሙን አልጠላሁትም።

ቃሏን የምወዳት በምክንያት ነው። ጥንታዊ ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ለእኔ ትርጉሟ ግልጽ ነበር። ባለቤቱ የሞተ፣ ማንም የማይገለገልበት፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ "አትንኩ" የሚባልለት ዕቃ ጥንታዊ ይባላል። ከዚህ አልፌ አስቤበት አላውቅም።

የዚያን ሰሞን ደግሞ ትልቅ ሐሳብ ይዤ ነበር። የአባቴን ቤት የፊት ክፍል አጽድቼ፣ የአካባቢያችንን ጥንታዊ ዕቃ የማሳይባት ቤት ላደርጋት። መደርደሪያው ተሠራ፣ መስታወቱም ገባ። የሚደረደረው ግን ጠፋ። አንድ የተሰነጠቀ ኮርቻና ዝገት የበላው የበቅሎ ልጓም ብቻ ይዤ ቀረሁ። እናቴ በገባች በወጣች ቁጥር መደርደሪያውን እያየች "ሰሐኔን ላስቀምጥበት እንዴ?" ትለኛለች። እኔ እናደዳለሁ።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ጠዋት ጉሙ ገና ከገደሉ ሳይነሳ ስልኬ ጮኸ። ሳጅን ደምሴ ነው፤ ጎረቤቴ ነው፣ በከተማው መግቢያ ኬላ ላይ የሚሠራ ፖሊስ።

"ጥንታዊው፣ የት ነህ? ቶሎ ና። አንድ ነገር ይዘናል፤ ያንተ ዓይነት ነገር ነው።"

ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በአካባቢያችን ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የብር መስቀል ተሰርቆ አገር ምድሩ ተቆጥቶ ነበር። ስለዚህ የሚወጣውም የሚገባውም መኪና ይፈተሻል። አሮጌ የሚመስል ዕቃ ሲገኝ አይቶ የሚናገር ሰው ይፈለግ ነበርና፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጃኬቴን እየለበስኩ ሮጥኩ።

ኬላው የቆርቆሮ ቤት ነው። አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ እግራቸው ላይ የወንድ ካልሲና የፕላስቲክ ጫማ አለ። ጭናቸው ላይ ዘንቢል አስቀምጠው በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። የመጡበት ሚኒባስ ጥሏቸው ሄዷል።

"ከደብረ ብርሃን ነው የመጡት፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ" አለኝ ደምሴ ወደ ጎን ወስዶ። "ረዳቱ ዘንቢሉን ከላይ ልጫነው ሲላቸው፣ 'የጥንት ዕቃ ነው አትንካ' ብለው ጮኹበት። እሱም እዚህ ሲደርስ ነገረን። እኔ ምን ላድርግ? መስቀሉ ከተሰረቀ ወዲህ ቸል ያልነው ነገር ቢኖር በእኛ ነው የሚመጣው።"

አጠገባቸው ሄጄ ጎንበስ አልኩ። "እንደምን አደሩ እናቴ? ጌትነት እባላለሁ። ዕቃውን ቢያሳዩኝ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የሺ እባላለሁ። እጅህን ታጠብ" አሉኝ።

"ምን አሉኝ?"

"እጅህን ታጠብ ልጄ። የሚካኤል ጽዋ ናት።"

ደምሴ ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰልኝ፤ ታጠብኩ። እማማ የሺ ከዘንቢሉ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡና ጨርቁን ቀስ ብለው ገለጡት። አንገቷ አጠር ያለ፣ ሆዷ ክብ የሆነ፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረች የሸክላ ጽዋ ናት። ከንፈሯን የብዙ ሰው አፍ አለስልሶታል። ጆሮዋ ሥር እጅ የሚያርፍበት ቦታ ያብረቀርቃል።  ባዶው መደርደሪያዬ በዓይኔ መጣ፤ መሐል ላይ አስቀመጥኳት።

"ከየት ነው ያገኟት?"

"ከእናቴ ተቀብዬ ነዋ። እናቴም ከእናቷ። ወላጆቼ ከመንዝ ወደ ወለጋ ሲሰፍሩ ይዘዋት ሄዱ። እኛ ደግሞ ከወለጋ ይዘናት መጣን።"

"ጥንታዊ ናት ማለት ነው?"

"ታዲያስ! የጥንት ናት እንጂ።"

ወደ ደምሴ ዞርኩና ደረቴን ነፍቼ "ጥንታዊ ናት" አልኩ። ያቺን ቃል በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተናግሬያት አላውቅም።

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያስ ከዚህ አታልፍም። ከሰዓት በኋላ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ እዚያ የሚመለከታቸው አይተዋት ይወስናሉ። እናቴ፣ እርስዎም አብረው ይሄዳሉ።"

"ዛሬ?" አሉ እማማ የሺ። "ዛሬ እንዴት ይሆናል? ዛሬ ሚካኤል ነው። ማኅበሩ እየጠበቀኝ ነው።"

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዱን። ወለጋ በነበሩበት ቀበሌ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚጠጣ የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው። አባላቱ ሲፈናቀሉ አንዱ ደብረ ብርሃን መጠለያ፣ አንዱ እነዋሪ ከተማ ዘመድ ቤት፣ አንዱ አንኮበር ተበተነ። ማኅበሩ ግን አልተቋረጠም። ተራው የደረሰው ሰው ባለበት ቦታ፣ ድንኳንም ይሁን የሰው ጓሮ፣ ያለውን ቆሎና ጠላ አቅርቦ ጽዋዋ ትዞራለች። የዛሬው ተረኛ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ያሉት ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጋሽ ተክሌ ባለፈው ወር ታመው ስለቀሩ፣ ጽዋዋን እማማ የሺ አቆይተው ሊያደርሱላቸው ነው የመጡት።

"የጸሎቱን ዳቦ ቄሱ ሳይባርኩት፣ ጽዋዋ ሳትዞር ቀኑ ከመሸ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው" አሉ። "አንዴ ከፈረሰ ማን ይሰበስበዋል? በዚህች ጽዋ አይደል ወይ ማን እንዳለ ማን እንደሞተ የምንተዋወቀው?"

 ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው እንባ አይችልም። ወጣ ገባ ሲል ቆየና አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

"እናቴ፣ ይስሙኝ። እኔ ላጉላላዎት አልፈልግም። 'ጥንታዊ አይደለችም፣ በቅርቡ ከገበያ ነው የገዛኋት' ይበሉኝ። ይቺን ብቻ። እኔም ሰምቼ እለቅዎታለሁ። ጌትነትም ተሳስቼ ነው ይላል። አይደል ጌትነት?"

"አዎ፣ እላለሁ" አልኩ። መደርደሪያዬ እያሳሳኝም ቢሆን አልኩ።

እማማ የሺ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። "በሚካኤል ዕለት፣ የሚካኤልን ጽዋ ታቅፌ ልዋሽ?"

"ውሸት እኮ አይደለም፣ ለማለፍ ያህል..."

"እናቴ ስታስረክበኝ 'የጥንት ናት፣ አደራ' ብላ ነው። ከቤቴ ስወጣ እህሉን ትቻለሁ፣ ላሟን ከነጥጃዋ ትቻለሁ። የልጄን ፎቶ እንኳን ግድግዳው ላይ ነው የተውኩት። ይቺን በነጠላዬ ሥር ይዤ በጫካ ነው የመጣሁት። እና አሁን ትናንት የገዛኋት ናት ልበል? እሷን የትናንት ካልኳት እኛስ ማን ነን? ከየት መጣችሁ ስንባል ምን ልንል ነው?"

ደምሴ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጥንታዊ ናት ባልኳት ቃል ታስረዋል፤ አይደለችም በሚል ቃል ደግሞ ሊፈቱ አልፈለጉም። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ጊዜው ሄደ። ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ቆርቆሮውን አሞቀችው። ሻይ አመጣሁላቸው፤ ቄሱ ሳይባርኩ አልቀምስም አሉኝ። ዳቦም እንዲሁ። ስልክ የላቸውም፤ የጋሽ ተክሌንም ቁጥር አያውቁትም። እየደጋገሙ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይሉኛል። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጠየቁንም ተዉት። ጽዋዋን መልሰው ጠቅልለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። እኔ በበኩሌ ያቺ ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄደው መኪና ጎማዋ እንዲተነፍስ ሚካኤልን ለመንኩ። አልሰማኝም፤ መኪናዋ መጥታ ኬላው ፊት ቆመች።

ደምሴ ከብዶት ተነሳ። "በሉ እናቴ..."

እማማ የሺም ተነሱ። ሦስት ጊዜ አማተቡ። አልተለማመጡም፣ አላለቀሱም። እኔ ነኝ እንባዬ የመጣው። ዘንቢሉን ልያዝልዎት ስላቸው "የለም" ብለው እምቢ አሉኝ።

ልክ እግራቸውን ከበሩ ሲያወጡ ከታች በኩል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እየተመረኮዙ፣ እያለከለኩ ሲመጡ አየን። "የሺ! የሺ!" እያሉ ይጣራሉ። ጋሽ ተክሌ ናቸው። ቢጠብቁ ቢጠብቁ እማማ የሺ ሲቀሩባቸው፣ የሚኒባሱን ረዳት አፈላልገው ጠይቀው ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጡት።

"ምን አድርጋ ነው የያዛችኋት?" አሉ ገና ሰላም ሳይሉ።

"ምንም አላደረጉም አባቴ" አለ ደምሴ። "ዕቃዋ ጥንታዊ ስለሆነች ትጣራ ተብሎ ነው።"

"የቷ ዕቃ?"

"ጽዋዋ።"

ጋሽ ተክሌ አንዴ ዘንቢሉን፣ አንዴ እኛን አዩ። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው።

"ይቺን ጽዋ? ይቺን እኮ ያሠራኋት እኔ ነኝ! የፊተኛይቱን የሰበርኳትም እኔ ነኝ። ከእጄ አመለጠችና በሰው ፊት ተሰበረች። ቅጣቴን ከፍዬ ለሸክላ ሠሪ ወስጄ አሠራሁ። ትንሿ ልጄ ክርስትና የተነሳች ዓመት ነው። ልጅቱ ይኸውና አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት!"

እኔና ደምሴ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ እማማ የሺ ዞርን።

"እማማ፣ ይሄ እውነት ነው?"

"እውነት ነዋ" አሉ፣ ምንም ሳይደንቃቸው።

"ታዲያ ምነው ቀኑን ሙሉ ሳይነግሩን?"

"መቼ ጠየቃችሁኝ? የጥንት ናት ወይ አላችሁኝ፤ ናት አልኳችሁ። ከገበያ ገዛኋት በይ አላችሁኝ፤ ከገበያ አልገዛኋትም። መቼ ተሠራች ያለኝ ሰው የለም።"

"ተሰብራ ከተሠራችማ አዲስ ናት እንጂ እንዴት የጥንት ትሆናለች?" አልኩ። ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ነበር።

ይህን የመለሱልኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጽዋ ስትሰበር ገሏ አይጣልም። አንድም ሳይቀር ይለቀምና ለሸክላ ሠሪዋ ይሰጣታል። እሷም ገሉን ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ለውሳ ጽዋዋን መልሳ ትሠራታለች። ከእሳቸው በፊትም ሲሰበር እንዲሁ ሲደረግ ነው የኖረው። ስለዚህ እማማ የሺ ያቀፏት ጽዋ ውስጥ እናታቸው የጠጡባት አለች፤ በእናታቸው ጽዋ ውስጥ ደግሞ የአያታቸው አለች። ከመንዝ የወጣችውም እዚያው ውስጥ ናት።

"ጥንታዊው" አለኝ ደምሴ፣ በዚያ ስም ሲጠራኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። "መኪናው ይጠብቃል። ምን ልበላቸው?"

 አዲስ ናት ብል እማማ የሺን መስደብ መሰለኝ። ጥንታዊ ናት ብል መኪናው ቆሟል። እማማ የሺ ደግሞ ትክ ብለው ያዩኛል።

"ደምሴ" አልኩ፣ "ሸክላዋ በቅርብ ጊዜ ተሠርታለች፤ ያሠሯት ሰውም እነሆ ፊትህ ናቸው። ተይዛ የምትጣራ ዕቃ አይደለችም። የጥንት የሆነው ማኅበሩ ነው። እማማ የሺም አንዲት ቃል አልዋሹም።"

"እንዲህ በለኝማ!" አሉ እማማ የሺ። "እንዲህ ብትለኝ ጠዋት በጨረስነው ነበር።"

ደምሴ መኪናውን በእጁ ሸኘው። ከዚያ መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ጭነት መኪና አስቆመ። ሾፌሩ መሐመድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ነገሩን ሲሰማ ከአጠገቡ ያለውን ወንበር አራግፎ "ይግቡ እናቴ፣ ኢንሻአላህ ሳይመሽ ትደርሳላችሁ" አለ። ጋሽ ተክሌና እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣን። እኔን ማንም ና አላለኝም። ብቻ ሄድኩ።

ደረስን። ጋሽ ተክሌ የሚኖሩት የዘመዳቸው ጓሮ ውስጥ ባለች አንዲት ጎጆ ነው። ቄሱ መቁጠሪያቸውን ይዘው ውጭ ቆመዋል፤ አባላቱም አሉ። አባላቱ ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ አግዳሚ ነው የሞሉት። የጠላው ማድጋ ትንሽ ነው፣ ድፎው ቀጭን ነው። እማማ የሺ በበሩ ሲገቡ ግን ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንዲት ሴት እግራቸው ላይ ተደፍታ "የሞትሽ መስሎኝ ነበር" አለቻቸው።

ቄሱ ባረኩ። ጽዋዋ ተሞልታ ዞረች። እኔም ጋ ደረሰች፤ ጠጣሁ። የጠጣሁበት ከንፈሯ ለስላሳ ነው። ጠዋት ከመስታወት ጀርባ ላስቀምጣት የተመኘሁ ሰው ነኝ፤ ያን ሳስብ አፈርኩ።

መጨረሻ ላይ ቄሱ "የሚቀጥለው ተረኛ ማን ነው?" አሉ።

 ተረኛው ከወለጋ ሲወጡ የተለያቸው ሰው ነው፤ እስከዚያን ቀን ወሬው አልተሰማም። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ድንኳን ነው የሚኖረው፣ ሌላዋ የእህቷ ቤት ተጠግታ ነው፤ ያላቸውን ሁሉ ባለፉት ወራት አውጥተዋል። ጽዋዋ መሐል መሬት ላይ፣ ነጭ ጨርቋ ላይ ተቀምጣለች። ጽዋዋ ካልዞረች ማኅበሩ ምን እንደሚሆን ጠዋት ነግረውናል። እማማ የሺ ወደ ማንም አላዩም። ያን ሁሉ መንገድ ያመጧትን ጽዋ ብቻ ያዩ ነበር።

"እኔ ልቀበል" አልኩ።

ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ሚስት የለኝ፣ ጠላ መጥመቅ አላውቅ፣ እናቴን አላማከርኩ። ጋሽ ተክሌ "ልጄ፣ ቀልድ አይደለም እኮ፤ ከተቀበልክ አባል ነህ፣ አባልነት እስከ ዕድሜ ልክ ነው" አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። አላውቅም ነበር፤ ግን አልኩ።

ጽዋ ሲያስረክቡ ስም ይጠራል። የሚጠሩት በዕድሜ ትልቋ አባል እማማ የሺ ናቸው። ተነሱና ጽዋዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀመሩ። "ከወርቅነሽ ደስታ ተቀበለች፤ ከእናቷ ከደስታ አየለች ተቀበለች፤ ከእናቷ ከአየለች የሺ ተቀበለች..." ረጅም ነው። የሞተው ከቆመው ጋር ተሰልፎ ይጠራል። ሁለት ቦታ ላይ ሴቶቹ አለቀሱ። መጨረሻ ላይ "ከየሺ ተክሌ ተቀበለ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ከተክሌ ጌትነት ተቀበለ።" ጽዋዋን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ወዳጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም እንግዳ ወደ ተራራው አወጣለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ያቺን ቃል ግን እንደ ድሮው አልበትናትም። ጥንታዊ ምን ማለት ነው ብትሉኝ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖሮ ተቀባይ ያላጣ ነገር ነው እላችኋለሁ። ባለቤቱ የሞተና የተረሳውን ነገር አሮጌ ማለት ይበቃል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የሚያስረክባችሁ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ። መደርደሪያውን እናቴ በመጨረሻ ሰሐኖቿን ደረደረችበት። ደምሴም ማኅበርተኛ ሆኗል፤ ጠላው ቀጥኗል እያለ የሚነጫነጨው እሱ ነው።

እማማ የሺ ወደ ቀያቸው ሳይመለሱ አምና ክረምት መጠለያው ውስጥ ታመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ጽዋዋን ይዘን ሄድን። ስሞቹን በሕይወት ሳሉ አስጠንተውኝ ስለነበር አሁን የምጠራው እኔ ነኝ። "ከእናቷ ከአየለች የሺ ተቀበለች" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል፤ ትንሽ እቆያለሁ። ማኅበሩ ጽዋዋን እያየ ይጠብቀኛል፤ የሚያቻኩለኝ ሰው የለም።